ካርዴ ኪሴ ውስጥ እያለ ገንዘቤ እንዴት ወጣ?

ጥያቄ፦ «ካርዴ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ፒን ኮዴንም ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ግን ከማላውቀው የኢንተርኔት መደብር መጀመሪያ በጣም ትንሽ ገንዘብ ተቆረጠብኝ። በማግስቱ ሁለት ጊዜ ብዙ ገንዘብ ሄደ። ባንኩ ካርዱን አግዶ ሌላ ሊሰጠኝ ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ? አዲሱን ስይዝ ምን ባደርግ ይሻላል? ወይስ ካርድ መጠቀሙን ጭራሽ ልተወው? እናቴም ካርድ አላት፤ ለእሷም ፈራሁ።»

መልስ፦

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልዎ። በጻፉት ውስጥ የእርስዎ ጥፋት ነው የምለው ነገር አላየሁም። በካርድ ክትትል ሥራ ላይ የማገኛቸው ብዙ ሰዎች ይህ ሲደርስባቸው «የት ተዘናግቼ ይሆን?» እያሉ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። በዚያ መሃል ስልክ መደወሉ፣ ቅሬታ ማስገባቱ፣ የቀረውን ገንዘብ ማዳኑ ይዘገያል። ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው ደግሞ መዘግየቱ ነው። ካርዱ መታገዱ ጥሩ ነው። አሁን ወደ ጥያቄዎ።

የተሰረቀው ካርዱ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። በኢንተርኔት ለመክፈል ፕላስቲኩ አያስፈልግም። የሚጠየቀው ፊት ለፊት ያለው ረጅም ቁጥር፣ ካርዱ የሚያበቃበት ወርና ዓመት፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ከጀርባ ያለው ባለ 3 አሃዝ ኮድ ነው። ይህን ኮድ እንኳ የማይጠይቁ ሻጮች አሉ። ፒን ኮድዎ እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። ለማንም አለመስጠትዎ ትክክል ነበር፤ ግን በዚህ በኩል የሚገባውን ሌባ አያግደውም።

ያቺ መጀመሪያ የተቆረጠችው ትንሽ ገንዘብ ሙከራ ናት። ሌባው ቁጥርዎን ያገኘው ለብቻው ሳይሆን ከብዙ ሌሎች ቁጥሮች ጋር በጅምላ ነው። የትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደታገደ አያውቅም። ስለዚህ ማንም ልብ የማይላትን ገንዘብ ቆርጦ ያያል። ካለፈችለት ካርዱ ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ ወይ ራሱ ይገዛበታል፣ ወይ ለሌላ ሌባ ይሸጠዋል። ከዚህ በኋላ ከትልቅ ግብይት ይልቅ የማያውቋት ትንሽ ግብይት ታስደንግጥዎት። በዚያች ሰዓት ካርዱ ከታገደ ትልቁ አይመጣም።

ቁጥሩ ከየት ተገኘ?

በእርስዎ ጉዳይ ላይ ሦስት መንገዶች ይታዩኛል።

አንደኛው ግምት ነው። የካርድ ቁጥር እንደመጣ የተደረደረ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 6 ወይም 8 አሃዞች ካርዱን የሰጠውን ተቋም ያመለክታሉ። የመጨረሻዋ አሃዝ ደግሞ ከፊቷ ካሉት ተሰልታ የምትገኝ ማረጋገጫ ናት። ስሌቱን ያወጣው ሃንስ ፒተር ሉን የሚባል፣ አይቢኤም በሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ የፈጠራ መብት ማመልከቻውን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር። ስሌቱ የተሠራው ሰው ቁጥር ሲጽፍ ቢሳሳት ለመያዝ እንጂ ሌባን ለመከላከል አይደለም። ማንም ሰው ሊያሰላው ይችላል። ስለዚህ የአንድን ባንክ መነሻ አሃዞች ያወቀ ሰው ትክክለኛ የሚመስሉ ቁጥሮችን በኮምፒውተር እንደልቡ ያመርታል።

የቀረውም ያን ያህል አይከብድም። አንድ ካርድ 5 ዓመት የሚያገለግል ከሆነ ሊሆኑ የሚችሉት የማብቂያ ወሮች 60 ብቻ ናቸው። የጀርባው ኮድ ከ1,000 አይበልጥም። አንድ መደብር ጥቂት ስህተት አይቶ ሊያግድ ይችላል። ሌባው ግን ሙከራውን ለብዙ መደብሮች ይበትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በተግባር አሳይተዋል። በቪዛ ካርድ ላይ የጎደለውን መረጃ በ6 ሰከንድ ያህል ማግኘት እንደሚቻል ነው የገለጹት። የካርዱ ባለቤት በዚህ ሁሉ ውስጥ የትም የለም።

ሁለተኛው ዝርፊያው ሻጩ ጋ ሲደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ታርጌት በሚባለው የአሜሪካ የመደብር ሰንሰለት ላይ የደረሰውን ላንሳ። ሌቦቹ መጀመሪያ የገቡት ለመደብሩ የማቀዝቀዣ ሥራ በሚሠራ ኩባንያ የይለፍ ቃል ነበር። ከዚያ ወደ ክፍያ ማሽኖቹ ተሻግረው የ40 ሚሊዮን ያህል ካርዶችን መረጃ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ድረ ገጽ ላይ ሌቦች ጥቂት የኮድ መስመሮችን ሸጎጡ። መንገደኛው የካርዱን መረጃ ሲጽፍ ግልባጩ ወደ እነሱ ይሄድ ነበር። አየር መንገዱ በ2020 በብሪታንያ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን 20 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል።

ሌቦቹ ሰው ሲጽፍ ጠብቀው የሚነጥቁት በምክንያት ነው። የካርድ ኢንዱስትሪው የጋራ ደንብ ሻጭ የጀርባውን ኮድ ክፍያው ከጸደቀ በኋላ እንዳያስቀምጥ ይከለክላል። የሌለ ነገር ከመዝገብ አይሰረቅም። ስለዚህ ኮዱ የሚገኘው ደንበኛው በሚጽፍበት ቅጽበት ነው። ገጹ ትክክለኛ፣ አድራሻው ትክክለኛ፣ ከአድራሻው ጎን ያለው የቁልፍ ምልክትም በቦታው ሆኖ መረጃዎ ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛው ሐሰተኛ ገጽ ነው። «የላኩልዎት ዕቃ ቆሟል፤ ትንሽ የማድረሻ ክፍያ ይክፈሉ» የሚል መልእክት ከሊንክ ጋር ይመጣል። የሚጠየቀው ገንዘብ እዚህ ግባ አይባልም። የሚፈለገው ገንዘቡ ሳይሆን የካርድዎ መረጃ ነው። ያለፉትን ወራት ቢያስታውሱ እንዲህ ዓይነት ገጽ ላይ የካርድ ቁጥር የጻፉበት ቀን ካለ ለባንኩ ይንገሩ፤ ለምርመራው ይጠቅማል።

ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ምናልባት መቼም አይታወቅም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። የካርድ ቁጥርን ሚስጥር አድርጎ መኖር አይቻልም። ቁጥሩ እንደ ቤት አድራሻ ነው፤ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ድካምዎን ሁሉ ቁጥሩን በመደበቅ ላይ አያውሉት። «ቁጥሬ አንድ ቀን ይወጣል» ብለው ይነሱ፤ ሲወጣ የማይጠቅም እንዲሆን ያድርጉት። ከዚህ በታች የምነግርዎት ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሳ ነው።

ካርዱ በአካል ሲገለበጥ

የእርስዎ ጉዳይ ይህ አይደለም፤ ግን አዲስ ካርድ ስለሚይዙ ይወቁት።

ከካርዱ ጀርባ ያለው ጥቁር መስመር ሁልጊዜ የሚሰጠው መረጃ አንድ ዓይነት ነው። አንዴ የገለበጠው ሰው ሌላ ካርድ ላይ ሊያትመው ይችላል። ከካርዱ ፊት ያለችው ትንሽ ብረታማ ቺፕ ግን ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ ማረጋገጫ ታሰላለች። የትናንቱን ቢሰርቁት ለዛሬ አይሠራም። ሌቦች ወደ ኢንተርኔት በብዛት የዞሩትም ቺፑ ይህን መንገድ ስላጠበበባቸው ነው። ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳወቀው ዕቅድ በ2033 ጥቁሩ መስመር ከካርዶቹ ላይ ጠቅልሎ ይጠፋል። እስከዚያ ግን አለ። ስለዚህ ማሽኑ ቺፕ የሚያነብ ከሆነ ካርዱን ይክተቱ እንጂ መስመሩን አያስጎትቱ። ሻጭ ካርድዎን ይዞ ወደ ጓዳ ከሄደም ማሽኑን ወደ እርስዎ እንዲያመጣ ይጠይቁት። ነውር የለውም።

ኤቲኤም ላይ ሌቦች ከካርድ መክተቻው ላይ መረጃ የሚገለብጥ ስስ መሣሪያ ይለጥፋሉ። ጠጋ ብላ የምታይ ትንሽ ካሜራም ያስቀምጣሉ። መክተቻውን ነካ ነካ አድርጎ ማየት ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ መሣሪያ ማሽኑ ውስጥ ስለሚገባ ከውጭ አይታይም። ከሁሉ የሚበልጠው ፒን ሲነኩ በሌላ እጅዎ የቁጥር ሰሌዳውን መሸፈን ነው። የተገለበጠ ካርድ ያለ ፒን ከኤቲኤም ገንዘብ አያወጣም። ይህን ሁልጊዜ ያድርጉ፤ አጠገብዎ ማንም ባይኖርም። የሚያይዎት ሰው ላይሆን ይችላልና።

ካርድዎን ማሽኑ ከዋጠው ከቦታው አይራቁ። «ፒን ደግመው ይሞክሩ፣ እኔም እንዲህ ሆኖብኝ ነበር» ብሎ የሚጠጋ ሰው ካለ አመስግነው ያርቁት። አንዳንድ ጊዜ ካርዱን በወጥመድ ያስያዘው እሱ ራሱ ነው። እዚያው ቆመው ወደ ባንኩ ይደውሉ። የባንኩ ስልክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከካርዱ ጀርባ ነው፤ ካርዱ ደግሞ ማሽኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት።

ሳይነካ በመጠጋት ብቻ ስለሚከፍለው ካርድ ብዙ ወሬ ይሰማሉ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ገንዘብ ይወስድብኛል ብለው አይጨነቁ። ካርዱ የሚሠራው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ነው፤ የሚሰጠውም ማረጋገጫ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልዩ የኪስ ቦርሳ መግዛትም አያስፈልግዎትም። ትኩረት የሚሻው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በቼክ ሪፐብሊክ የባንክ ደንበኞች ላይ ያነጣጠረ ኤንጌት የተባለ ጎጂ መተግበሪያ ማግኘቱን አሳውቋል። ሌቦቹ ሰውየውን በማታለል መተግበሪያውን ያስጭኑታል። ከዚያ «ካርድዎን ከስልክዎ ጀርባ ያስጠጉ፣ ፒንዎን ያስገቡ» ይለዋል። የካርዱ ምልክት በኢንተርኔት ተሻግሮ ሌላ ቦታ ኤቲኤም ፊት ወደ ቆመው ሌባ ስልክ ይደርሳል። በመልእክት ሊንክ የመጣ መተግበሪያ እንዲህ ካለዎት አያድርጉት።

ኮዱና ስልኩ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ሰው ሁሉን ነገር የሚያጣው እዚህ ነው።

ቁጥርዎ ሌባው እጅ ገብቷል እንበል። ብዙ ባንኮች ለኢንተርኔት ክፍያ ተጨማሪ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ወደ ስልክዎ የአንድ ጊዜ ኮድ ይመጣል ወይም የባንኩ መተግበሪያ «ይህን ክፍያ ያጽድቁ» ይልዎታል። ሌባው ይቺን ኮድ የሚያገኝበት ቀላሉ መንገድ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ይደውላል።

አደዋወሉ የተጠና ነው። ስምዎን ይጠራል። የካርድዎን የመጨረሻ አሃዞች ይነግርዎታል። ስክሪንዎ ላይ የባንኩ ስም ወይም የባንኩ ቁጥር ሊታይ ይችላል፤ የደዋይን ቁጥር አስመስሎ ማሳየት ቀላል ነውና። መልእክት ከላከም ከባንኩ ትክክለኛ መልእክቶች ጋር በአንድ መስመር ተደርድሮ ሊገባ ይችላል። ድምፁ የተረጋጋ ነው። «ከካርድዎ ላይ አጠራጣሪ ግብይት አይተናል፤ እርስዎ ነዎት?» ይላል። እርስዎም ደንግጠው «አይደለሁም» ይላሉ። «እንግዲያው እንሰርዘዋለን፤ አሁን የሚደርስዎትን ኮድ ይንገሩን» ይላል። ኮዱ ይመጣል። ይነግሩታል። የተሰረዘ ነገር የለም። ክፍያውን ያጸደቁት እርስዎ ሆኑ።

በትክክል ሰውን የሚጥለው ፍርሃቱ ብቻ አይደለም። ሌባው የሚናገረው አንዳንዱ እውነት መሆኑ ነው። በእርግጥም ሰው ካርድዎን ሊጠቀም እየሞከረ ነው። የሚሞክረው ደዋዩ ነው እንጂ።

ሁለት ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። መጀመሪያ፣ የመጣውን መልእክት እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ባንኩ ብዙ ጊዜ ኮዱ ለምን እንደሆነ ይጽፋል፤ ለየትኛው ሻጭ፣ ለስንት ገንዘብ። አንዳንዴ ደግሞ ስለ ክፍያ ሳይሆን «ካርድዎን በስልክ ላይ ለመመዝገብ» ይላል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ካርድዎ ሌባው ስልክ ላይ ከተመዘገበ በኋላ ስልኩን ከክፍያ ማሽን እያስጠጋ ይገዛበታል፤ እርስዎን ሌላ ኮድ አይጠይቅም። ሰው አሃዞቹን ብቻ አይቶ ያነባቸዋል፤ ጽሑፉን ይዘለዋል። ጽሑፉ ግን ሌባው ምን እያደረገ እንደሆነ ይነግርዎታል።

ሁለተኛ፣ ስልኩን ይዝጉት። አይከራከሩ፣ አያብራሩ። ይዝጉትና ቀድመው በመዘገቡት ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። የደወለው በእርግጥ የባንኩ ሠራተኛ ከሆነ አይቀየምም። ሥራው ነውና ደስ ይለዋል። «ስልኩን ከዘጉ ገንዘቡ ይሄዳል» ካለዎት ሌባ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ፒን ኮድዎን አይጠይቅም። የአንድ ጊዜ ኮድ ለሠራተኛ እንዲነግሩ አይጠይቅም። ገንዘብዎን «ለጥንቃቄ» ወደ ሌላ ሂሳብ እንዲያዛውሩ አይልም። ስክሪንዎን ከርቀት የሚያሳይ መተግበሪያ እንዲጭኑ አያደርግም። የመጨረሻው በተለይ አደገኛ ነው። ሌቦቹ አንዴ ስክሪንዎን ካዩት ኮዱን መንገር እንኳ አያስፈልግዎትም፤ ሲመጣ ራሳቸው ያነቡታል።

ሌባው እርስዎን ትቶ ወደ ስልክ ቁጥርዎ ሊዞርም ይችላል። ሐሰተኛ ማስረጃ አቅርቦ ወይም የቴሌኮም ሠራተኛ አታልሎ ቁጥርዎን በራሱ ሲም ካርድ ላይ ያስወጣል። ከዚያ በኋላ ኮዶቹ ወደ እሱ ይሄዳሉ። ምልክቱ ስልክዎ ኔትወርክ ባለበት ቦታ በድንገት አገልግሎት ማቋረጡ ነው። «ኔትወርኩ ነው» ብለው አይጠብቁ። በሌላ ስልክ መጀመሪያ ባንኩን፣ ቀጥሎ የስልክ ድርጅቱን ያነጋግሩ። ባንክዎ በመልእክት ከሚመጣ ኮድ ይልቅ በመተግበሪያው ውስጥ ማጽደቅን የሚፈቅድ ከሆነ እሱን ይምረጡ፤ ከሲም ካርዱ ጋር አብሮ አይሄድም።

አዲሱ ካርድ ሲመጣ

ካርድ መጠቀሙን ይተዉ አልልም። ካርድ የተጭበረበረ ክፍያን ለመከራከር ደንብ ያለው መንገድ አለው። በእጅ የሰጡት ጥሬ ገንዘብና በራስዎ ያስተላለፉት ገንዘብ ግን በአብዛኛው ተመላሽ የለውም። ካርዱን ይያዙ፤ አያያዙን ይለውጡ።

በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዱ ግብይት ማሳወቂያ እንዲመጣልዎ ያድርጉ። «ከዚህ በላይ ሲሆን ብቻ አሳውቀኝ» የሚል ምርጫ ካለ ዜሮ ያድርጉት። ትንሿ ሙከራ የምትያዘው እንዲህ ነው። ከዚያ ገደቡን ያስተካክሉ። ብዙ ባንኮች በቀን የሚወጣውንና በኢንተርኔት የሚከፈለውን ለየብቻ እንዲወስኑ ይፈቅዳሉ። ገደቡን ለዓመት አንዴ ለሚያጋጥም ትልቅ ግዢ ብለው ከፍ አድርገው አይተዉት። በተለመደው ወጪዎ ልክ ያድርጉት፤ ትልቅ ግዢ ሲመጣ ለዚያ ሰዓት ከፍ ያደርጉታል። የኢንተርኔትና የውጭ አገር ክፍያን የሚያበራና የሚያጠፋ ምርጫ ካለ አጥፍተው ያስቀምጡት። ሊከፍሉ ሲሉ ያበሩታል፣ ሲጨርሱ ያጠፉታል። የኢንተርኔት ክፍያው በተዘጋበት ካርድ ላይ የተሰረቀ ቁጥር ዋጋ የለውም።

ዴቢት ካርዱ ከዋናው ሂሳብዎ ጋር የተገናኘ ከሆነ ይለዩት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በክሬዲት ካርድ ሲጭበረበር ክርክሩ የሚካሄደው ገና ባልከፈሉት የባንኩ ገንዘብ ላይ ነው። በዴቢት ግን የሄደው የእርስዎ ነው። ባንኩ እስኪያጣራ ለኪራይ ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጡት ገንዘብ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ቁጠባዎ ካርድ በሌለው ሂሳብ ላይ ይቀመጥ፤ ካርዱ ባለበት ሂሳብ ላይ የሚያስፈልግዎትን ብቻ ያስገቡ። ከማሳወቂያው ቀጥሎ ትልቁን ጥቅም የሚሰጥዎት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ወጪም የለውም።

ባንክዎ ለኢንተርኔት ብቻ የሚያገለግል ቨርቹዋል ካርድ፣ ማለትም ፕላስቲክ የሌለው ቁጥር ብቻ የሆነ ካርድ፣ የሚሰጥ ከሆነ ይጠቀሙበት። የራሱ ቁጥርና ገደብ ስላለው ቢሰረቅ ዋናው ካርድ አይነካም። በስልክ መክፈልም እንደዚያው ጠቃሚ ነው። ካርድዎን ስልክዎ ላይ ሲመዘግቡ ሻጩ የሚያየው ትክክለኛውን ቁጥር ሳይሆን ተተኪ ቁጥር ነው። የሻጩ መዝገብ ቢዘረፍ የሚገኘው ተተኪው ነው፤ ለብቻው አይሠራም። አልፎ አልፎ ብቻ በሚገዙባቸው መደብሮች ላይም «ካርዴን አስቀምጥ» የሚለውን አይምረጡ።

ፒኑን በተመለከተ አንድ ጥናት ልጥቀስ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ሰዎች ፒን እንዴት እንደሚመርጡ አጥንተው ነበር። ብዙ ሰው የልደት ቀኑን ይመርጣል። የኪስ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ የልደት ቀን የተጻፈበት መታወቂያ አለ። በእነሱ ስሌት ሌባ ከ11 እስከ 18 የኪስ ቦርሳ ቢሰርቅ የአንዱን ካርድ ፒን በተፈቀደለት ሙከራ ውስጥ ያገኘዋል። የልደት ቀን፣ የልጅ ልደት፣ 1234፣ አራት አንድ ዓይነት አሃዝ ይተዉ። የስልክዎ መክፈቻና የካርድዎ ፒንም አንድ አይሁን።

ኢሜይልዎን አይርሱ። የባንክ መተግበሪያና የመደብር አካውንት የይለፍ ቃል ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚታደሰው በኢሜይል ነው። ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት ረጅም የይለፍ ቃል ያድርጉለት፤ ሁለተኛ ማረጋገጫም ያብሩለት።

አሁን ስለ ጠፋው ገንዘብ

ካርዱ መታገዱ ቅሬታ ከማስገባት ጋር አንድ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ባንኩ አውቋል» ብሎ ይጠብቃል። እርስዎ ለሦስቱም ግብይት፣ ለትንሿም ጭምር፣ በጽሑፍ የክርክር ማመልከቻ ያስገቡ። ቀኑን፣ የሻጩን ስም፣ መጠኑን፣ መቼ እንዳዩት፣ መቼ እንደደወሉና ያነጋገሩትን ሰው ስም ይጻፉ። የማመልከቻ ቁጥር ይቀበሉ። ባንኩ የፖሊስ ማስረጃ ከጠየቀ ያቅርቡ።

አንድ ነገር አጣርተው ይጠይቁ፦ «ግብይቶቹ በአንድ ጊዜ ኮድ ጸድቀዋል ወይስ ያለ ኮድ አልፈዋል?» ይህ ወሳኝ ጥያቄ ነው። በዓለም አቀፍ የካርድ ደንቦች መሠረት ያለ ተጨማሪ ማረጋገጫ ባለፈ የኢንተርኔት ክፍያ ላይ ኪሳራው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በሻጩ በኩል ነው። የእርስዎ ጉዳይ እንደሚመስለኝ ይህ ነው፤ ኮድ ደርሶኝ ነበር አላሉምና። እንዲህ ከሆነ አቋምዎ ጠንካራ ነው።

ጊዜውን ግን ይጠብቁ። የክርክር መብት የጊዜ ገደብ አለው፤ አገር በአገርም ይለያያል። ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ የጠፋ ወይም የተሰረቀ ዴቢት ካርድን ባወቁ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቁ ኃላፊነትዎ ከ50 ዶላር አይበልጥም። ከዘገዩ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል። የሂሳብ መግለጫው ከተላከ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ለሚወጣው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሊጠየቁ ይችላሉ። የእርስዎ አገር ቁጥሮች ሌላ ሊሆኑ ይችላሉ። ከባንኩ ጋር የፈረሙትን ውል አውጥተው ስለ ማሳወቂያ ጊዜ የሚለውን ዛሬ ያንብቡ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ሰው ደውሎ «የጠፋብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን፤ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይላኩ» ሊልዎት ይችላል። አይላኩ። የተጭበረበሩ ሰዎች ዝርዝር በሌቦች መካከል ይሸጣል። ገንዘብዎን የሚመልስ ባንኩ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያም አይጠይቅም።

ሌላም ያልጠበቁት ነገር ሊያጋጥምዎት ይችላል። በየወሩ የሚከፍሉባቸው አገልግሎቶች ካሉ አንዳንዶቹ አዲሱን የካርድ ቁጥር ሳይነግሯቸው ሊያውቁት ይችላሉ። የካርድ ድርጅቶቹ የተለወጠ ቁጥርን ለተመዘገቡ ሻጮች የሚያስተላልፉበት አሠራር አላቸው። በአብዛኛው ይጠቅማል። ሌባው በቁጥርዎ ወርሃዊ አገልግሎት ከፍቶበት ከሆነ ግን ክፍያው አዲሱ ካርድ ላይ ሊቀጥል ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት መግለጫ መስመር በመስመር ይዩ። የማያውቁት ካለ ያ ሻጭ እንዲታገድልዎ ባንኩን ይጠይቁ።

እናትዎን በተመለከተ

ለእናትዎ ይህን ሁሉ አይንገሯቸው። ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ የሰማ ሰው በአስጨናቂው ሰዓት አንዱንም አያስታውስም። አንድ ነገር ብቻ ይስማሙ፦ ስለ ገንዘብ ማንም ቢደውል፣ ማንም ነኝ ቢል፣ ስልኩን ዘግተው መጀመሪያ ለእርስዎ ይደውሉ። የባንኩ ሰው ነኝ ቢልም፣ ፖሊስ ነኝ ቢልም፣ ልጅዎ ታስሯል ቢልም። ሌባው «ለማንም እንዳይናገሩ» የሚለው ይህን ጥሪ ስለሚፈራ ነው።

ከዚያ አብረዋቸው ወደ ባንኩ ይሂዱ። የካርዳቸው ገደብ ዝቅ ይበል። በኢንተርኔት የማይገዙ ከሆነ የኢንተርኔት ክፍያው ይዘጋ። ቁጠባቸው ካርድ ከሌለው ሂሳብ ላይ ይሁን። የእርስዎን ቁጥር በስልካቸው ፈጣን ጥሪ ላይ ያድርጉላቸው፤ የባንኩንም እንደዚያው።

አንድ ቀን ተታልለው ኮድ ሰጥተው ቢደውሉልዎ ደግሞ መጀመሪያ የሚሉት ነገር በጣም ይጠቅማል ወይም ይጎዳል። «እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ!» የተባለ ሰው ለሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል። የደበቀበት እያንዳንዱ ሰዓት ደግሞ ለሌባው ነው። «ጥሩ አደረግሽ ደወልሽልኝ፤ አሁን ካርዱን እናሳግድ» ይበሏቸው። ከዚያ ወዲያው ያሳግዱ።